ከዳኛ 214፣ ከተመልካች ዜሮ

ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ 14 ሰዎች ተሰብስበን ዩሮቪዥንን ግድግዳ ላይ በተወጠረ አንሶላ አየን። ለማያውቀው፦ ዩሮቪዥን እ.አ.አ. በ1956 ስዊዘርላንድ፣ ሉጋኖ ላይ በ7 አገሮች የተጀመረ ዓመታዊ የዘፈን ውድድር ነው። የዚያ ሌሊቱ ፍጻሜ ከባዝል ከተማ ሲተላለፍ 26 ዘፈኖች ቀርበውበታል። ነጥቡ ከሁለት ወገን ይመጣል፤ ግማሹ ከየአገሩ የሙያ ዳኞች፣ ግማሹ ከተመልካች። ያሸነፈችው ኦስትሪያ ናት፣ በ436 ነጥብ። ግቢውን ያጣላው ግን የኦስትሪያ ጉዳይ አይደለም። አስተናጋጇ ስዊዘርላንድ ከዳኞች 214 አግኝታ ሁለተኛ ሆና ቆይታ፣ የተመልካቹ ሲነበብ ዜሮ ተባለች። ጭቅጭቁ ሲነጋም፣ ወሩ ሲያልቅም፣ ዓመቱ ሲለወጥም ስላላባራ ሁለቱ ዋና ተከራካሪዎች በጽሑፍ እንዲጨርሱት ጠየቅናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሌላዋ ለሠርግና ለምርቃት የድምፅ ማጉያ የምታከራይ የዓባይ ማዶ ልጅ ናት። ስማችን አይጻፍ ስላሉ አልጻፍነውም።

ጋሼ

መብራቱ የጠፋው የዳኞቹ ነጥብ ተነቦ እንዳለቀ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ወጣቶቹ ስልክ ላይ ተረባረቡ፤ እኔ ደስ ብሎኝ ወደ መኝታዬ ሄድሁ። ማታ ማታ ባጃጅ ስለማይገኝ ሁላችንም እዚያው ልናድር ተስማምተን ነበር። ለምን ደስ አለህ ብትሉኝ፣ ደብተሬ ከዳኞቹ ጋር ገጥሞልኝ ነዋ። ኦስትሪያን አንደኛ፣ ስዊዘርላንድን ሦስተኛ ብዬ ነበር። ሃያ ስድስቱንም ዘፈን በድምፅ፣ በዜማ፣ በግጥምና በአቀራረብ ከፋፍዬ ነጥብ ሰጥቻለሁ። የመምህርነት ልማድ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ያረጀ ሰው ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም።

የኦስትሪያው ልጅ ጄጄ በቪየና የኦፔራ መድረክ የሠራ ነው። የወንድ ጉሮሮ ይዞ ሴት በምታዜምበት ከፍታ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም አይንቀጠቀጥም። የስዊዘርላንዷ ደግሞ ብቻዋን ቆማ፣ በፈረንሳይኛ፣ በለሆሳስ አዜመች። እንዲህ ያለ ዘፈን መሸሸጊያ የለውም። እስትንፋስ ካጠረህ ይሰማል፣ ድምፅህ ከዘቀጠ ይሰማል። ከእሷ አልዘቀጠም።

እሑድ ጠዋት የጊዮርጊስ ቅዳሴ ከማጉያው እየተሰማ ይህች የዓባይ ማዶ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ዜሮ!» አለችኝ። ስለ ኳስ የምታወራ መስሎኝ ነበር። የቤቱ እመቤት እትዬ ቡና እየወቀጡ ሰምተው «ምን በድላቸው ነው?» አሉ። ጥያቄው የእኔም ነው።

እንግዲህ ነገሬ ይኸ ነው፦ ዜማ በጭብጨባ ብዛት አይመዘንም። ጎንጅ ወይም ዋሸራ ቅኔ ሲዘረፍ «ይበል!» የሚለው ምስጢሩ የገባው ነው። ያልገባውም አብሮ ሊል ይችላል፤ ቅኔውን ግን ቅኔ የሚያደርገው የእሱ ጩኸት አይደለም። የድጓ ተማሪም የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ቤተ ልሔም ሄዶ ከሚያውቁት ፊት ይመሰክራል እንጂ ምእመኑ እጅ አውጥቶ አያስመርቀውም። አውሮፓውያኑም ይኸንን በራሳቸው ላይ ደርሶ አይተውታል። እ.አ.አ. በ1997 በ5 አገሮች የተመልካች የስልክ ድምፅ ተሞከረ፤ በዓመቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገባበት። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ዘመድ ለዘመድ ነጥብ እየተወራወረ ስላስቸገረ በ2009 ዳኞቹን ለምነው ግማሹን ሥልጣን መለሱላቸው። ግሪክና ቆጵሮስ 12 ነጥብ ሲለዋወጡ አዳራሹ ገና ሳይነበብ ይስቃል፤ የዘመድ ሠርግ ስጦታ ነው የሚመስለው።

ሕዝቡ ስዊዘርላንድን ዜሮ ብሎ ለማን ሰጠ? ለኢስቶኒያ፣ 258። የኢስቶኒያው ልጅ ስለ ማኪያቶ የተሰባበረ ጣሊያንኛ እየደባለቀ የቀለደበት ዘፈን ነው። ማኪያቶ ባሕር ዳር በየካፌው አለ። ዘፈን ነው ብሎ የጠጣው ግን አላየሁም።

የግቢያችንንም ምርጫ ላንሳ፣ ሳታነሳብኝ። ይህች ልጅ ባለ 30 ቀዳዳ የእንቁላል ካርቶን አምጥታ ቀዳዳዎቹ ላይ የአገር ስም ለጠፈች፤ ለያንዳንዳችን 3 ፍሬ አድላ «ለወደዳችሁት ጨምሩ» አለች። 14 ሰው በ3 ሲባዛ 42 ነው። ጠዋት ስቆጥረው 51 ሆነ። ልጆቹ ከሽምብራ ቆሎው ሳህን እየዘገኑ ሲጨምሩ አድረዋል። የሕዝብ ድምፅ የሚሏችሁ ይኸ ነው።

የዓባይ ማዶዋ

ጋሼ፣ እርስዎ ተኝተው ያመለጠዎትን መጀመሪያ ልንገርዎ፤ ከዚያ እንከራከራለን።

ስድስት ሆነን በአንድ ስልክ ላይ ነው የጨረስነው፣ ባትሪው 11 በመቶ። የተመልካቹ ነጥብ ሲነበብ ከዳኞች ዝቅተኛ ያገኘው መጀመሪያ ይጠራል፤ ከፍተኛ ያገኘው ይቆያል። ስለዚህ ስዊዘርላንድ የተጠራችው ከመጨረሻዋ ቀድማ ነው። አስቡት፤ አዳራሹ በራሷ አገር፣ ሕዝቡ የራሷ፣ 214 ይዛ እየጠበቀች፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ቆሞ «ዜሮ ነጥብ» ሲባል። እኛ ጋ ጩኸት የለ፣ ሳቅ የለ። አንዷ «እንዴ!» ብላ አፏን ያዘች። የእርስዎ ዳኞች የፈለጉትን ያህል ይራቀቁ፣ ያቺን ልጅ በዚያ ሰዓት ያዘነላት ሕዝቡ ነው።

«ታዲያ ለምን አልመረጣትም?» ይሉኛል። እዚህ ላይ ነው እርስዎና እኔ የምንለያየው። ዳኛው ወረቀት ይዞ ሁሉንም ዘፈን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ያስቀምጣል። ስድስተኛ የወደዳትም፣ ስምንተኛ የወደዳትም ነጥብ ያስገኝላታል። ተመልካቹን ግን «ደርድርልኝ» ያለው የለም። ስልኩን አንሥቶ፣ ከፍሎ፣ የሚወደውን ይልካል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልቡ ውስጥ ይዞ ይተኛል። ከዚያ በየአገሩ ብዙ ድምፅ ያገኙ 10 ዘፈኖች ብቻ 12፣ 10፣ 8 እያሉ እስከ 1 ነጥብ ይካፈላሉ። አንድ ዘፈን በየአገሩ ዐሥራ አንደኛ ቢወጣ ድምሩ ዜሮ ነው። በሁሉም ቤት ተወድዶ ዜሮ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የራስን አገር መምረጥ ስለማይፈቀድ ስዊዞቹ ሊያድኗት አይችሉም። እንግሊዞቹም በዚያው ሌሊት ከዳኞች 88፣ ከተመልካች ዜሮ ነው ያገኙት።

እኔ ይኸን የተማርሁት በሠርግ ነው። ባንዱ ትዝታ ሲጫወት ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ አንዳንዷ እናት ዓይኗን ትጠርጋለች። ብር ይዞ የሚነሣ ግን የለም። እስክስታው ሲገባ የነበረው ዝምታ ይፈርስና ግንባር በብር ይለጠፋል። «ሕዝቡ ትዝታ አይወድም» ብሎ የሚደመድም ሰው ሠርጉን አላየም። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ናቸው፤ «ማን ጥሩ ነው?» እና «ለማን ትነሣለህ?»። መድረኩ የውድድር ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል። ዘፈን ሰውን ከወንበሩ ካላስነሣ በነጥብ ቢያድግ ምን ይሠራለታል?

አሁን ወደ ዳኞችዎ። ጋሼ፣ እነዚያ ዳኞች ቅዳሜን አላዩትም። ዐርብ ማታ ለእነሱ ተብሎ የሚካሄድ ሙሉ ልምምድ አለ፤ ነጥባቸውን የሰጡት በዚያ ላይ ነው። እኛ ቅዳሜ ያየነው ልጅ ጉሮሮው ቢዘጋ፣ ወይም በተቃራኒው ዐርብ ደንግጦ ቅዳሜ ቢዋጣለት፣ የዳኛው ወረቀት አይለወጥም። እርስዎ ከደብተርዎ ጋር የገጠመው ፍርድ የሌላ ሌሊት ፍርድ ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ትናንት በተዘረፈ ቅኔ ዛሬ «ይበል» ይባላል?

ቅኔና ድጓን ከዚህ ጋር ማነጻጸርዎም አልተዋጠልኝም። እዚያ የሚፈተነው እውቀት ነው፤ ስሕተቱ ስሕተት ነው፣ ትክክሉም ትክክል። ለዘፈን የሚቀርበው አዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪ ቤት ውስጥ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ራሱ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ከአድማጭ አልፎ ግማሽ ደራሲ ነው። ከጥግ አምስት ሰው ተቀምጦ «ይህ ግጥም ቤት አልመታም» እያለ ነጥብ ቢሰጥ ያ ቤት በሳምንቱ ይዘጋል።

ስለ 51ዱ ፍሬ ዝም ብዬ አላልፍም፣ እመለስበታለሁ።

ጋሼ

የዐርቡን ነገር አላውቅም ነበር። አልዋሽም፣ ቅር ብሎኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ከደብተሬ ጋር ተኮራርፌ ነበር። ነገር ግን ልጄ፣ ዐርብ በደንብ የዘፈነ ሰው በአንድ ሌሊት ዘፋኝነቱ አይጠፋም፤ ዐርብ የረገጠውም ቅዳሜ መላእክት አያነሡትም። የዳኛው ስሕተት ቢበዛ የአንድ ቀን ነው።

የተመልካቹ ግን? አዝማሪ ቤት ስትይ ጥሩ ቦታ ገባሽልኝ። እዚያ «ተቀበል» የሚለው ሰው ተነሥቶ፣ ፊቱ ታይቶ፣ ድምፁ ተሰምቶ ነው። ግጥሙ ካላማረ ይሳቅበታል። ስልክ ይዞ 20 ጊዜ የሚልከውን ማን አየው? አዎ፣ 20 ጊዜ። የባዝሉ ደንብ ለአንድ ሰው እስከ 20 ድምፅ ይፈቅድ ነበር፣ በክፍያ። አንዱ ከ20 ተቆጠረ ማለት ነው፤ ከእነዚያ ከሽምብራ ዘጋኝ ልጆች በምን ይሻላል? እነሱ እንኳ ግማሹን በልተውታል።

የእስራኤልን ነገር አንሥቼ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አልፈልግም፤ ግን ሊታለፍ አይችልም። ከዳኞች 60፣ ከተመልካች 297 አገኘች፤ በተመልካች አንደኛ፣ በድምር ሁለተኛ። ልጅቷ አልዘፈነችም አልልም፣ ዘፍናለች። ሆኖም በእስራኤል መንግሥት የማስታወቂያ ተቋም የተከፈለበት «እስከ 20 ጊዜ ምረጡ» የሚል ቅስቀሳ በዩቲዩብ ሲሄድ እንደነበር አዘጋጁ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት በሚደግፈው የማጣራት ሥራ ታይቷል። የስፔን ጣቢያን የመሰሉ ማሰራጫዎች «የድምፁ አቆጣጠር ይመርመር» አሉ። ኅዳር ላይ ኅብረቱ ራሱ 20ውን ወደ 10 አወረደ፣ በመንግሥታት በሚደገፍ ከልክ ያለፈ ቅስቀሳ ላይ ገደብ ጣለ፣ ለግማሽ ፍጻሜዎቹም ዳኞችን መለሰ። ከ2023 ጀምሮ ግማሽ ፍጻሜው በተመልካች ብቻ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሞክረው ተመለሱ። ዳኞቹንም በየአገሩ ከ5 ወደ 7 አሳደጓቸው። እኔን ሳይሆን እነሱን ጠይቂ።

አሁን አንድ የቆየ ነገር ልንገርሽ። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ኤደን አለነ የምትባል ድምፃዊት አለች። በ2020 እስራኤልን ወክላ የምታቀርበው ዘፈን ውስጥ «ፍቅር ልቤ» የሚል የአማርኛ ቃል ነበረበት፣ ርእሱም እሱ ነበር። በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘና በዚያ መድረክ አማርኛ ሳይሰማ ቀረ። በዓመቱ ሮተርዳም ላይ በሌላ ዘፈን ቀረበች፤ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የቀጠነ፣ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛው የተባለ ድምፅ አወጣች። 17ኛ ሆነች። ከዳኞች ያገኘችው ከተመልካች ካገኘችው እጅግ ይበልጣል። ያቺን ልጅ የሰማት ማን ነው? ዳኛው ነው።

(ከነገሩ ወጣ ልበልና፣ አውሮፓውያኑን የማልምራቸው ለሌላ ነገር ነው። እስከ 1998 ድረስ በዚያ መድረክ ሙሉ ኦርኬስትራ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃው የተቀዳ ነው፤ ጊታሩም ከበሮውም ማስመሰያ ነው። ከአፍ የሚወጣው ብቻ ነው የቀጥታ፤ የአጃቢዎቹ ድምፅ እንኳ ከ2021 ወዲህ ተቀድቶ እንዲመጣ ተፈቅዷል። አዝማሪ ወክለን ብንልክ ማሲንቆውን ሳይነካ እየከረከረ ያስመስላል። ደግሞ 3 ደቂቃ ብቻ! አዝማሪ በ3 ደቂቃ የቤቱን ሰው ሰላም ብሎ አይጨርስም።)

የዓባይ ማዶዋ

ስለ ኤደን ልጀምር፣ እኔንም ስለሚያመኝ። ጋሼ፣ በ2021 የመረጡት ተሳታፊ አገሮች ብቻ ናቸው። ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ድምፅ መላክ አይቻልም ነበር። «የቀረው ዓለም» ተብሎ እኛን የመሰለው ሁሉ እንደ አንድ አገር ተቆጥሮ መምረጥ የጀመረው በ2023 ነው። ስለዚህ «ሕዝብ አልሰማትም» ሲሉ የትኛው ሕዝብ? አማርኛው የሚገባው ሕዝብ አልተጠየቀም።

በተጠየቅንበት ዓመትስ? እኔ ለአልባኒያ ልመርጥ ገጹን ከፍቼ፣ ዘፈኑን ነክቼ፣ ካርድ አስገቢ አለኝ። ከባንክ ያወጣሁት ካርድ እዚህ ገበያ ላይ ይሠራል፣ እዚያ አይሠራም። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ። መልሱ አንድ ቀይ መስመር ነው። እርስዎ 20 ድምፅ በዛ ይላሉ፤ እኔ አንዱን መላክ አቅቶኝ አደርሁ። ይኸ የሕዝብ ድምፅን የሚያስጠላ አይደለም፤ ሕዝቡ ገና አለመግባቱን የሚያሳይ ነው።

20ው ጥፋት ነው፣ እስማማለሁ። 10ሩም ጥፋት ነው። ለአንድ ሰው አንድ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን በሩ ተሰብሯልና ቤቱ ይፍረስ አይባልም። ደግሞ ሌብነቱን ሁሉ ወደ ተመልካች ብቻ አይግፉት። በ2022 ሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ ላይ የ6 አገሮች ዳኞች አሰጣጥ ያልተለመደ ሆኖ ስለተገኘ ኅብረቱ ነጥባቸውን ሰርዞ በሌላ ስሌት ተካው። አዘርባጃን፣ ጆርጂያ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ፖላንድ፣ ሮማኒያ፣ ሳን ማሪኖ። ሚሊዮን ሕዝብ ለማሳመን ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ 5 ሰው ለማሳመን አንድ ቡና ይበቃል።

በዚያው ዓመት ዩክሬን ከተመልካች 439 አገኘች፣ እስካሁን ከዚያ የሚበልጥ የለም። ከዳኞች 192 ነበራት። «ዘፈን ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?» ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ሌሊትም ስለ ሌላ አገር ብለውታል። መልሴ፦ ሰው ዘፈን ሲሰማ ልቡን በር ላይ አስቀምጦ አይገባም። እኔ በምሠራበት ሠርግ አባቷ የሞተባት ሙሽራ ስትገባ የሚመረጠው ዜማ ሌላ ነው፤ ማንም «ከቅኝቱ ወጣ» አይልም። ሰዉ የመረጠው ዘፈኑን ከነሰዓቱ፣ ከነዘመኑ ነው።

ሕዝብ ለስላሳ ነገር አያውቅም ለሚለው ደግሞ እ.አ.አ. የ2017ቱን ፖርቱጋላዊ እጠራብዎታለሁ። ሳልቫዶር ሶብራል ኪየቭ ላይ ያለ እሳት፣ ያለ ጭፈራ፣ በራሱ ቋንቋ፣ እንደሚያንጎራጉር ሰው ዘፈነ። በዳኞችም አንደኛ፣ በተመልካችም አንደኛ፣ 758 ነጥብ፤ የዚህ ውድድር ክብረ ወሰን እስካሁን የእሱ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ በለሆሳስ የተዜመ መስማት ይችላል። የስዊዘርላንዷን አደነቃት፤ የፖርቱጋሉን ወደደው። ልዩነቱ ይኸ ነው።

በ2023 ደግሞ ዳኞችዎ ያደረጉትን አልረሳሁም። የፊንላንዱ ካሪያ ከተመልካች 376 አምጥቶ፣ አዳራሹ ሁሉ ስሙንና ዜማውን እየጮኸ፣ የስዊድኗ ሎሪን ከዳኞች በያዘችው 340 አሸነፈች። ያን ቀን ቴሌቪዥን ላይ ጫማ ልወረውር ነበር፤ የሰው ቴሌቪዥን ስለሆነ ተውሁት።

ጋሼ

ሎሪን በተመልካችም ሁለተኛ ነበረች፣ 243። ጫማሽን ልበሽ።

«ለ5 ሰው አንድ ቡና ይበቃል» ያልሽው ደግሞ ስድብ ቢሆንም ስቄአለሁ። ለዚህ ነው 7 ያደረጓቸው፤ ከ7ቱም ቢያንስ ሁለቱ ከ18 እስከ 25 ዓመት እንዲሆኑ ደንብ ወጥቷል። አንቺን የመሰለ ጨቅጫቃ ሁለት ወንበር አግኝቷል ማለት ነው።

የሠርጉ ምሳሌሽ ግን ሌሊቱን ሁሉ አሳሰበኝ። ትዝታ ሲዜም ዓይኗን የምትጠርገው እናት ብር ይዛ አትነሣም ብለሻል። እውነት ነው። ታዲያ ያቺ እናት የተሰማትን የሚቆጥርላት ማን ነው? ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ብቻ ከተቆጠረ በሚቀጥለው ሠርግ ባንዱ ትዝታ መጫወት ይተዋል። በሦስተኛው ሠርግ የሚያውቀውም ይጠፋል። የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ነገር እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ላይ እንደደረሰ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ ማጉያው ያንቺ ነው። ዳኛ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው። ሰዉ እያለቀሰ የማይነሣበትን ነገር የሚጽፍ አንድ ሰው ጥግ ላይ ይኑር፣ ደብተር ይዞ።

በዳኛ ብቻ ይሁን አልልም። ድሮ በዳኛ ብቻ በነበረ ጊዜም ጉድ ታይቷል፤ በ1969 አራት አገሮች እኩል ወጥተው፣ መለያ ደንብ ስላልነበረ አራቱንም አሸናፊ አሏቸው። የመምህራን ስብሰባ ነው የመሰለኝ። ነገር ግን ግማሹን ከነኩብኝ እጣላለሁ።

ኢስቶኒያን ግን አልቀበልም። 24ኛ ነው ያስቀመጥሁት፣ በዚያው ይቆይ።

የዓባይ ማዶዋ

ስለ አምባሰል ያሉት ልክ ነው፣ ስለሱ አልከራከርም። ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ ማሲንቆ የያዘ ሰው ማይክ ሲለምነኝ «ትንሽ ቆይ» ብዬው ሳላስታውሰው ሠርጉ አልቋል።

ስለ ኢስቶኒያ ግን ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን በቃኝ። እመለስበታለሁ ያልሁት የፍሬው ነገር ይኸ ነው። ጋሼ፣ ልጆቹ ሽምብራውን ስለጨረሱት ፍሬ ሳድል እርስዎ ጋ ስደርስ አልቆብኝ ነበር። እትዬ ለመቁላት ካዘጋጁት ላይ 3 ፍሬ ጥሬ ቡና አንሥቼ ሰጠሁዎት። ከ14ታችን በቡና የመረጡ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስልኬን አብርቼ ካርቶኑን ሳየው ስዊዘርላንድ ቀዳዳ ውስጥ ምንም የለም፤ ዜሮ፣ ልክ እንደ ባዝሉ። ኦስትሪያ ጋ 4 ሽምብራ አለ። ሦስቱም የቡና ፍሬ ኢስቶኒያ ውስጥ ነው።

ደብተሩ እኔ ጋ ነው፣ 24ኛ የሚለውም አለበት። ሁለቱንም ፎቶ አንሥቻለሁ።

ጋሼ

ቡና ሰጥተሽኝ ማኪያቶ ካለበት ሌላ የት ልክተተው ኖሯል?

ደብተሬን እሑድ ይዘሽልኝ ነይ።